ከተማሪዎቻችን ጋራ በጋና ጠረፍ

ጋና ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የስድስት ሰዓት ያኽል መንገድ ብትርቅም፥ ለኢትዮጵያ ቤተ ሰብ ፍጹም ባዕድ አገር አይደለችም። ታላላቆቻችን ስሟን ከዶክተር ክዋሜ ንክሩማ ስም ለይተው አያውቁትም፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 በአዲስ አበባ ሲመሠረት ቃል ኪዳኑን ከፈረሙት መሪዎች አንዱ እሳቸው ነበሩና። ልጆቻችንም ሐውልታቸውን በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆሞ ያዩታል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ነገሩ የብዙ አገር ታሪክ ስለ ሆነ አንባቢ በሁለት አቈጣጠር እንዳይቸገር ብለን ነው።

ባለፈው የካቲት፥ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፥ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፥ ከምናስተምርበት ትምህርት ቤት 22 ተማሪዎችን ይዘን ወደዚያው አገር ሄደን ነበር። ወላጆች ከዓመት በፊት ጀምረው በየወሩ እያዋጡ፥ ተማሪዎቹም በበዓላት ቀን ሻይና ዳቦ እየሸጡ ገንዘቡን አጠራቀሙት። ከመነሣታችን አስቀድሞ ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ደብተር ሰጥተን፥ «ማታ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ገጽ ትጽፋላችሁ፤ ያያችሁትን ሳይሆን ያሰባችሁትን» ብለን አዘዝናቸው። ያዩትንማ ስልካቸው ያነሣላቸዋል። ደብተሮቹ አሁን በእጃችን ይገኛሉ። ከነሱ ጥቂት ጥቂት እየቀነጨብን ለአንባብያን ብናቀርብ መልካም መስሎ ስለ ታየን ባለቤቶቹን አስፈቅደናል፤ ስማቸው እንዳይጻፍ የለመኑን ስላሉ ግን የሁሉንም ስም ትተነዋል።

አክራ ስንደርስ የሐርማታን ነፋስ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከሰሐራ በረሃ እየተነሣ የሚመጣው ይህ ነፋስ ሰማዩን በአቧራ ይጋርደዋል፤ ፀሐይም በቀትር የጨረቃ መልክ ትይዛለች። ስለ ከተማይቱ ብዙ አንጽፍም። ሰፊ፥ ሞቃት፥ የመኪና ጩኸት የበዛባት፥ ሕዝቧም ፈጥኖ የሚሥቅና ፈጥኖ የሚከራከር ከተማ ናት። ትሮትሮ የሚሏቸው የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች በጀርባቸው የመጽሐፍ ጥቅስ ለጥፈው ይሄዳሉ፤ ፀጉር አስተካካዩም ጎማ ጠጋኙም ሱቁን በእግዚአብሔር ስም ይሰይመዋል። በየበሩና በየወንበሩ ላይ ተቀርጾ የሚታይ አንድ ምልክት አለ፤ «ጄ ኛሜ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ከእግዚአብሔር በቀር» ማለት ነው። ተማሪዎቻችን የኛን ታክሲዎች ጥቅስ እያነሡ ከዚያኛው ጋራ ሲያወዳድሩ መንገዱ አለቀ።

ንክሩማ በማርች 6 ቀን 1957 በእኩለ ሌሊት የአገራቸውን ነፃነት ያወጁበት፥ ቀድሞ እንግሊዞች በፈረስ ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ ዛሬ መታሰቢያቸው ነው። በ1992 ተመርቆ የተከፈተው ይህ ስፍራ መቃብራቸውንና ቤተ መዘክራቸውን ይዞአል። እዚያ ቆመን አንድ ነገር ለተማሪዎቹ ተረክንላቸው። በ1935 ንክሩማ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲጓዙ በእንግሊዝ አገር መንገድ ላይ ሳሉ፥ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚናገር የጋዜጣ ማስታወቂያ አነበቡ፤ ጦርነቱ በራሳቸው ላይ የታወጀ ያኽል እንደ ተሰማቸውም በሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። ከዚያም ቀና ብለን የአገሪቱን ሰንደቅ ዓላማ አሳየናቸው፤ ቀይ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴ፥ በመካከሉ ጥቁር ኮከብ። ከኢትዮጵያ ቀጥሎ እነዚህን ሦስት ቀለማት ለሰንደቁ የወሰደ የመጀመሪያው የአፍሪካ መንግሥት ጋና ነው። በዚያ ምሽት ከተጻፉት 22 ገጾች በ17ቱ ላይ «ኰራሁ» የሚል ቃል ይገኛል። ቈጥረነዋል።

ስለ ስም አወጣጣቸው የሰማነውም ለቤተ ሰብ የሚሆን ነገር ነው። በአካን ሕዝብ ዘንድ ልጅ አንዱን ስሙን የሚያገኘው ከተወለደበት ዕለት ነው። ቅዳሜ የተወለደ ወንድ ክዋሜ፥ ዓርብ የተወለደ ኮፊ፥ ረቡዕ የተወለደ ክዌኩ ይባላል፤ ቅዳሜ የተወለደች ሴት አማ፥ እሑድ የተወለደች አኮሱዋ ትባላለች። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት አናን ኮፊ የተባሉት ስለዚህ ነው። ያረፍንበት ቤት እመቤት፥ የኛን እናቶች የሚመስሉ ደርባባ ሴት፥ ልጆቻችንን አንድ በአንድ «በምን ዕለት ተወለድህ? በምን ዕለት ተወለድሽ?» እያሉ ቢጠይቋቸው አብዛኞቹ ዝም አሉ። «በገብርኤል»፥ «በኪዳነ ምሕረት ዋዜማ» ብለው ለመመለስ የማይቸገሩ ልጆች፥ ያ ቀን ሰኞ ይሁን ሐሙስ አያውቁትም ነበር። ሴትዮዋም በተራቸው ተደነቁ፤ ሰው ዕለቱን ሳያውቅ ነፍሱ እንዴት ትጠራለች ብለው። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ሲያሰሉ አመሹና እራት ሲቀርብ ሁሉም አዲስ ስም ነበራቸው። እኛም የማክሰኞ ልጅ ሆነን ስለ ተገኘን እስክንመለስ ድረስ «ክዋቤና» ተብለናል።

የጾም ነገር አስቀድሞ ያሳስበን ነበር፤ ሆኖም ረቡዕና ዓርብ አልተቸገርንም። ነጭ የአተር ዐይነት ጥራጥሬ በቀይ የፓልም ዘይት ይሠሩና ፕላንቴን ከሚሉት፥ ሙዝ ከሚመስለው ፍሬ ጥብስ ጋራ ያቀርቡታል፤ ዓሣ እንዳይገባበት መናገር ብቻ ይበቃል። ኬንኬ የሚሉት ደግሞ የቦካ የበቆሎ ሊጥ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ ነው፤ ኮምጣጣነቱ የእንጀራን ናፍቆት ጥቂት ያበርዳል። እነሱም እንደኛ በቀኝ እጃቸው ይበላሉ፤ ግራ እጅን ለሰው መዘርጋት በነሱም ዘንድ ነውር ነው። ከአንድ ሳሕን በልተን ስንነሣ አንዱ ተማሪያችን «ጉርሻ ብቻ ቀረባቸው» አለ።

ኬፕ ኮስት የሚባለው ከተማ ከአክራ ወደ ምዕራብ 145 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ በባሕሩ ዳር ይገኛል። ዓሣ አጥማጆቹ ከአንድ ግንድ የሚጠርቧቸው ረጃጅም ጀልባዎች በቀለም አሸብርቀው፥ ባንዲራ ተክለው፥ በአሸዋው ላይ ተደርድረዋል። እኛ የደረስነው ማክሰኞ ስለ ነበረ ግን አንድም ጀልባ ባሕር ላይ አልታየም። ማክሰኞ የባሕሩ ዕረፍት ነው ብለው አያጠምዱበትም፤ መረባቸውን ሲጠግኑ ይውላሉ። ሰንበት ያላት ባሕር ማለት ነው። ይህን የወደድነውን ያኽል፥ ከአጥማጆቹ በላይ በዓለት ላይ የቆመው ነጭ ግንብ ዐይናችንን እየሳበ አላስቀምጥ አለን።

ግንቡን ከሩቅ ለሚያየው ሰው ያማረ ሕንፃ ነው። በኖራ የነጣ ነው፤ አደባባዩ ሰፊ ነው፤ መድፎቹ አፋቸውን ወደ ባሕር አድርገው ተሰልፈዋል። «የጎንደርን ግንብ መስሎኝ ነበር፥ ወደ ውስጥ እስክንገባ ድረስ» ትላለች አንዲት ተማሪ። በ1653 የስዊድን ነጋዴዎች ምሽግ ሠሩበት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1660ዎቹ እንግሊዞች ያዙት፥ አስፋፉትም። ለመቶ ዓመት ተኩል ያኽል ከዚህ ግንብ ውስጥ ሰው እንደ ከብት እየተቈጠረ ወደ መርከብ ተጫነ። ከአፍሪካ ጠረፎች ሁሉ አትላንቲክን እንዲሻገሩ የተጫኑት ከ12 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆኑ፥ በሕይወት ወደ ማዶ የደረሱት ደግሞ ወደ 10 ሚሊዮን ተኩል እንደሚጠጉ ሊቃውንት የመርከቦቹን መዝገብ መርምረው ደርሰውበታል። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ባሕሩ የያዘው ነው።

አስጎብኚያችን የዚያው ከተማ ሰው፥ ድምፁ ዝግ ያለ፥ ነገሩን ለማስለቀስ ብሎ የማይናገር ነበር። የወንዶቹ ማጎሪያ ቍልቍል የሚወርድ ዋሻ መሰል ቤት ነው። ብርሃንና አየር የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባሉ ጥቂት ቀዳዳዎች ብቻ ነው። እስከ አንድ ሺሕ ወንዶች በአንድ ጊዜ ታጕረውበት እንደ ነበረ ይነገራል። መብራቱን ለአንድ ደቂቃ አጠፋውና ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። ወለሉ ተቈፍሮ በተመረመረ ጊዜ ስለ ተገኘው ነገርም ነገረን፤ እኛ ግን አንጽፈውም፤ ይህ መጽሔት ሕፃናት ባሉበት በገበታ ዙሪያ የሚነበብ ነውና።

ወደ አደባባዩ ስንወጣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፥ ከማጎሪያው በላይ የነበረው ክፍል የእንግሊዞቹ ቤተ ጸሎት እንደ ነበረ ነገረን።

ተማሪዎቻችን የብዙ ጊዜ ሰንበት ተማሪዎች ናቸው፤ ከነሱም ሁለቱ በዲቁና ያገለግላሉ። ስለዚህ ነገሩ ከሌላው ጎብኚ ይልቅ ሳያማቸው አልቀረም። የዚያን ዕለት ማታ ማንም ከአንድ ገጽ በታች አልጻፈም። አንዱ ዲያቆን «ቅዳሴ ላይ ስንቆም ከበስተ ኋላ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ይሰማናል፤ እነዚህ ሰዎች እንዴት ሳይሰማቸው ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላዋ፥ መዘምር የሆነች ልጅ፥ ነገሩን ገልብጣ አይታዋለች። «ላይ ያሉት የታቹን አልሰሙ ይሆናል። ታች ያሉት ግን የላዩን መዝሙር ይሰሙ ነበር። የክርስቶስን ስም መጀመሪያ የሰሙት በዚህ ድምፅ ከሆነ» ብላ ዐረፍተ ነገሩን ሳትፈጽም ትታዋለች። ልናርምላት እርሳስ አንሥተን ነበር፤ መልሰን አስቀመጥነው።

በአደባባዩ ላይ ጥቂት መቃብሮች አሉ፤ ከነሱ አንዱ የፊሊፕ ኳኬ ነው። ኳኬ ማለት ክዌኩ ነው፤ የረቡዕ ልጅ። በዚሁ አገር በ1741 ገደማ ተወለደ፤ በ1754 ገና ልጅ ሳለ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። ጓደኞቹ ሁለቱም በዚያው ቀሩ። እሱ ግን በ1765 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቅስና ተቀበለ፤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ይህን ማዕርግ የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። በ1766 ተመልሶ በዚህ ግንብ ቄስም መምህርም ሆኖ ተቀመጠ። የአባቶቹን ቋንቋ ረስቶት ስለ ነበር ለገዛ ወገኖቹ በአስተርጓሚ ይሰብክ ነበር። ትምህርት ቤቱም አንዳንዴ የሚማርበት ሕፃን ያጣ ነበር። በ1816 እስኪሞት ድረስ 50 ዓመት አገለገለ፤ እንግሊዞች የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከሉት በ1807 ስለ ሆነ፥ ከነዚህ ውስጥ 41ዱን ዓመት ያሳለፈው ከታች ማጎሪያው ሥራ ላይ ሳለ ነው።

በዚህ ሰው መቃብር አጠገብ ከተማሪዎቹ ይልቅ እኛ ረዘም ላለ ጊዜ ቆምን። ዲቁናም መምህርነትም የቀመሰ ሰው እንዲህ ያለውን ሕይወት በቀላሉ አያልፈውም። ተማሪዎቹ ግን ወዲያው ተከፈሉ። አንደኛው ወገን «ከጠላት ጋራ በላ» አለ፤ ሁለተኛው «ሌላ የት ይሄድ ነበር?» አለ። እኛ አልፈረድንም። ከግንቡ ለቀጠሩት ሰዎች የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬም ተጠብቀው እንደሚገኙና ብቸኝነቱ ከነሱ እንደሚታወቅ ብቻ ነገርናቸው።

ከዚያ «የማይመለሱበት በር» ወደሚባለው ወረድን። በሩ ሲከፈት ባሕሩ ባንድ ጊዜ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ዛሬ ከበሩ ውጭ የሚታዩት ዓሣ አጥማጆችና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። በ1998 በአሜሪካና በጃማይካ ሞተው የተቀበሩ የሁለት ባሮች ዐፅም በዚሁ በር በኩል ወደ አገሩ እንዲገባ ተደርጎ፥ ምርኮኞቹ ለመጨረሻ ጊዜ ይታጠቡበት በነበረው ወንዝ አጠገብ፥ በአሲን ማንሶ፥ ተቀብሮአል። ስለዚህ በሩ በውጭ በኩል «የመመለሻ በር» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ልጆቻችን ወጥተው በዚያው ገቡ። አንዷ ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ገባች፤ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቅናትም።

በማግስቱ 12 ኪሎ ሜትር ያኽል ወደ ምዕራብ ተጕዘን ኤልሚናን አየን። ፖርቱጋሎች ይህን ግንብ የሠሩት በ1482 ነው፤ በኛ አገር ዐፄ እስክንድር በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። መጀመሪያ የፈለጉት ወርቅ ነበር፤ ስሙም ከማዕድኑ የመጣ ነው። ኋላ ግን የሰው ገበያ ሆነ። በ1637 የኔዘርላንድ ሰዎች ነጠቋቸው፤ እነሱም በ1872 ለእንግሊዝ አስረከቡት። ፖርቱጋሎች ለግንቡ ያወጡለት ስም የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ይህን ስንሰማ በጊዮርጊስ ቀን የተወለደውና ስሙም እንደዚያው የሆነው ተማሪያችን ፊቱን አዞረ፤ ማታ የጻፈውም «ስሙን ማን ፈቀደላቸው?» የሚል ብቻ ነው። ታሪክ የሚወድ ሌላ ልጅ ደግሞ፥ ግራኝ አሕመድ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ በ1541 በምጽዋ በኩል መጥተው የደረሱልን 400 ወታደሮች የዚሁ ሕዝብ ልጆች እንደ ነበሩ አስታውሶ ጽፎአል። «ለኛ ሲሞቱ በዚህ ይሸጡ ነበር። የትኛው ነው እውነተኛው ፖርቱጋል?» ይላል። መምህር ከተማሪው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኝ የዓመቱ ድካም ይረሳዋል።

ኬፕ ኮስት የግንብ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤትም ከተማ ናት። በጋና የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ኮፊ አናን የተማሩበት ምፋንትሲፒም፥ በ1876 የተመሠረተው በዚህ ነው። ከከተማይቱ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተጋብዘን ከሰዓት በኋላውን ከተማሪዎቻቸው ጋራ አሳለፍን። ኳስ ተጫወቱ፥ ዘመሩ፥ ስለ ፈተና አወሩ። ኋላም በዛፍ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ሲነጋገሩ አንድ የነሱ ልጅ ያለ ክፋት ጠየቀ፤ «እናንተ በቅኝ ግዛት አልተገዛችሁም። በአገራችሁ እንዲህ ያለ ግንብ አለ?» አለ። ከኛ ተማሪዎች በንግግር የታወቀው ፈጥኖ «የለም» ብሎ መለሰ፤ ስለ ዐድዋም አከለ። አጨበጨቡለት።

የዚያ ልጅ የማታ ገጽ እንዲህ ይላል፤ «የለም አልሁ። ግንቡ በእውነት የለም። አስጎብኚው ግን ትናንት ማን ይሸጣቸው እንደ ነበር ነግሮናል፤ በጦርነት የማረኳቸው ነገሥታትና በየመንገዱ የሚያግዙ ነጋዴዎች ነበሩ፥ የኛው ሰዎች ነበሩ ብሎ አልደበቀም። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው የለም ያልሁት። ከኛ አገርስ የተሸጡት በየት በር ወጡ?»

ይህን ጥያቄ በማግስቱ ቁርስ ላይ ለሁሉም አነበበው። ያስቀመጥነው መርሐ ግብር በካኩም ደን ውስጥ በዛፎች ጫፍ ላይ በገመድ በተንጠለጠሉት ሰባት ድልድዮች ላይ መሄድ ነበር፤ ሄድንም፤ ፍርሃቱም ሣቁም ነበረበት። በአውቶቡሱ ውስጥ ስንሄድም ስንመለስም የተወራው ግን ስለ በሩ ነበር። ስለዚህ የምናውቀውን ነገርናቸው። ግንብ ባይሠራለትም ገበያው እንደ ነበረ፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፥ በምጽዋና በታጁራ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ማዶ ሰው ይሸጥ እንደ ነበረ፤ ከዚያም የሚበዛው በየጌታው ቤትና እርሻ ይቀር እንደ ነበረ። ፍትሐ ነገሥታችን ስለ ባሪያ የሚናገር አንቀጽ እንዳለው፥ ሰው በባሕርዩ ነፃ መሆኑንም በዚያው ቦታ እንደሚመሰክር። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር በገባች ጊዜ ባርነትን እንድታስቀር ቃል እንደ ገባች፥ በ1924 አዋጅ እንደ ወጣ፥ ባርነትን ከነስሙ የሻረው አዋጅ ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1942 እንደ ታወጀ። በስሌት የፈጠነ አንድ ልጅ «አያቴ ያን ጊዜ ተወልደዋል» አለ።

የተማሪዎቹ አሳብ አንድ አልነበረም፤ አንድ እንዲሆንም አልፈለግንም። «አያቶቻችን ላደረጉት እኛ ምን አደረግን?» የሚል አለ። «የኛው ከነጮቹ ይሻል ነበር፥ ቤተ ሰብ ይሆኑ ነበር» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ አንዷ ከሥሩ «የሚሻል ከሆነ ለምን አናወራውም?» ብላ ጽፋበታለች። ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው ግን፥ ወላጆቹ ከደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል የመጡ፥ በክፍል ውስጥ ብዙ የማይናገር ልጅ የጻፈው ነው። ገጹ ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ይህን ታሪክ እኔ ከአያቴ ሰምቼዋለሁ። አዲስ የሆነው ለጓደኞቼ ነው።»

ይህ ልጅ ከነዚህ ጓደኞቹ ጋራ አራት ዓመት በአንድ ወንበር ተቀምጦ ተምሮአል። በኬፕ ኮስት ማጎሪያ መብራቱ በጠፋ ጊዜ ከጎናቸው ቆሞ ነበር። ጽሑፉ ሲነበብ ማንም ምንም አላለውም፤ በማግስቱ ግን አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ አልዋለም።

ከተመለስን በኋላ ወላጆችን ሰብስበን ደብተሮቹን አስነበብን። ፎቶግራፍ ታየ፥ ቡና ተፈላ፥ ከአክራ የመጣ ቸኮሌት ዞረ። ጋና ካካዎን በብዛት ከሚያመርቱት የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ የጫካ ፍሬውን ከሚያመርተው ገበሬ ይልቅ ጣፋጩን የሚያውቀው ሌላ መሆኑን ስንናገር የቡና አገር ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ግንቡ ሲነበብ እናቶች እንባቸውን አበሱ። ስለ መተማና ስለ ታጁራ ሲነበብ ግን ቤቱ ዝም አለ። በመጨረሻም አንድ አባት፥ የተከበሩና ትምህርት ቤቱን ብዙ የረዱ ሰው፥ ተነሥተው «መምህር፥ እርስዎን አከብራለሁ። ልጄን የላክኋት ግን ዓለምን እንድታይ ነው እንጂ የአገሯን ገመና በሰው አገር እንድትዘረግፍ አይደለም። ባዕድ ምን ይለናል?» አሉ። ብዙዎች በአንገታቸው ደገፏቸው።

«ጌታዬ፥ ገመናውን የዘረገፍነው እኛ አይደለንም። በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ወጥቶአል» ብለን መለስን። ጥቂት ሰዎች ሣቁ። እሳቸው ግን አልሣቁም፤ እኛም ለማሣቅ አልነበረም። ቀጥለንም፥ የጋና አስጎብኚ የገዛ ወገኖቹን ድርሻ በባዕድ ፊት ሲናገር ሰምተን በሱ አገር ላይ ያለን ክብር እንዳልቀነሰ፥ እንዲያውም ከዚያ ወዲያ የተናገረውን ሁሉ እንዳመንነው አስረዳናቸው። ስብሰባው ያለ ስምምነት፥ ነገር ግን ያለ ቅያሜ ተበተነ።

የእኒህ አባት ልጅ በበሩ ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ የገባችው ናት። ደብተሯን ከጉዞው በኋላም መጻፍ አልተወችም ነበር። በእሑድ ቀን ወደ አያቷ ቤት ሄዳ፥ ከልጅነቷ ጀምሮ በግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ ዳር ቆመው የሚታዩትን ሴት ማንነት ጠየቀች። አያቷ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ በልጅነቷ ለቤቱ የመጣች እንደ ሆነች፥ አዋጁ ከወጣ በኋላም የምትሄድበት ስላልነበራት እንደ ቀረች፥ ቤቱን እንዳሳደገች፥ በዚያው ቤት እንደ ሞተች ነገሯት። «አባትሽን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት» አሏት። የክርስትና ስሟን ያውቁታል፤ ተስካሯም ወጥቶላታል። ልጅቱ ስሟን በደብተሯ ጻፈችና ቀጥሎ ለአባት ስም የሚሆን ቦታ ትታ አያቷን ጠየቀቻቸው። አያትየውም «እሱን ማን ጠይቋት ያውቃል» አሉ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባትየው ደብተሩን በእጃቸው ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ስለ ስብሰባው ምንም አላነሡም። የሴትዮዋን አባት ስም ለማግኘት ሦስት ዘመዶችን እንደ ጠየቁ፥ አንዱ ከየት አገር እንደ መጣች ጥቂት እንደሚያስታውስ፥ ስሙን የሚያውቅ ግን እንዳልተገኘ ነገሩን። እንዲህ ያለ ነገር በጽሑፍ የሚገኝበት መዝገብ ይኖር እንደ ሆነ ጠየቁን። የምናውቃቸውን ሁለት ቦታዎች ነገርናቸው፤ በወረቀት ላይ ጻፉና ወረቀቱን በደብተሩ መካከል አድርገው ሄዱ።